«ራሽያን ስታውት» የማን ነው? የአንድ ብርቱ የለንደን ቢራ ታሪክ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ለንደን ነው። የሥራ ባልደረባዬ የአባቱን ምድር ቤት ሲያጸዳ ያገኛትን አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ቢራ ሰጠኝ። ላይዋ ላይ ‹ኢምፔሪያል ራሽያን ስታውት› የሚል ስምና 1992 የሚል ዓመት አለባት። ስለ ስሙ ሳጠያይቅ የሰማሁት እንዲህ ነው፦ የሩሲያው ዛር ታላቁ ጴጥሮስ እንግሊዝ በመጣ ጊዜ ጥቁሩን ቢራ ቀምሶ ወደደው፤ ወደ አገሩ ሲላክለት ግን በባልቲክ ባሕር ብርድ እየረጋ ስላስቸገረ ጠማቂዎቹ አልኮሉን አበዙለት፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ያው ቢራ ሳይቋረጥ ሲጠመቅ ኖሯል። ይህ ምን ያህል እውነት ነው? ጠርሙሷንስ ልክፈታት ወይስ ላቆያት? ብርቱ ቢራ እንደ ወይን ጠጅ በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል ሲባል ሰምቻለሁ።»

ምላሽ፦

ከሰሙት ውስጥ እውነት የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ቢራ በእርግጥ ወደ ሩሲያ ይላክ ነበር። ጴጥሮስ አላዘዘውም፣ ብርቱ የሆነው በረዶ ተፈርቶ አይደለም፣ ሳይቋረጥም አልተጠመቀም። «ራሽያን» የሚለው ቃል የገዢውን እንጂ የሠሪውን አገር አይናገርም። እኛ የሐረር ቡና ስንል ከሐረር የመጣውን ማለታችን ነው፤ የለንደን ጠማቂዎች የሩሲያ ስታውት ሲሉ ግን ወደ ሩሲያ የሚጫነውን ማለታቸው ነበር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጴጥሮስን ነገር ለመዝጋት ሁለት ቀኖች ይበቃሉ። ጴጥሮስ እንግሊዝ የቆየው በ1698 የመጀመሪያዎቹ ወራት ሲሆን፣ ያረፈውም መርከብ ግንባታን በቅርብ ለማየት ሲል ዴትፎርድ በሚባለው የቴምዝ ወንዝ ዳር ሰፈር ነበር። «ፖርተር» የሚባለው ጥቁር የለንደን ቢራ ግን በስሙ ተጠርቶ በጽሑፍ የሚገኘው ከ1720ዎቹ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ዛሩ በዚያ ጉብኝቱ ብዙ ነገር ጠጥቶ ሊሆን ይችላል፤ እንግድነት የተቀበለውን ቤትና የአትክልት ቦታ እንዳልነበረ አድርጎ መሄዱም በታሪክ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ገና ያልተፈጠረ ቢራ ቀምሶ ሊወድ አይችልም።

ፖርተር ስሙን ያገኘው በለንደን ወደብና ጎዳናዎች ላይ ሸክም ከሚሸከሙት ኩሊዎች ነው። ዋጋው ለወዛደር የሚቀመስ፣ ከቡናማ ብቅል የሚሠራ፣ ሆፕ (በቢራ ውስጥ እንደ ጌሾ የሚገባው መራራ አበባ) የበዛበት ቢራ ነበር። «ስታውት» የሚለው ቃል ደግሞ ዛሬ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ጥቁር ማለት አልነበረም። በዘመኑ እንግሊዝኛ ብርቱ ማለት ነው፤ በ18ኛው መቶ ዘመን ነጣ ያለ ቀለም ያለው ስታውትም ይጠመቅ ነበር። ከአንድ ጠመቃ ቤት የሚወጣው ፖርተር በደረጃ ይለያይ ስለነበር ብርቱው «ስታውት ፖርተር» ተባለ፤ ከጊዜ በኋላ ሁለተኛው ቃል ቀርቶ የመጀመሪያው ብቻ ስም ሆነ። ከጠላ ቤት ለመጣ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ከአንድ ድፍድፍ ዋናው ጠላም ቅራሪም እንደሚወጣ ሁሉ፣ የእንግሊዝ ጠማቂም ከአንድ ብቅል መጀመሪያ ወፍራሙን ያወጣና ለብርቱው ቢራ ያውለዋል፤ በላዩ ውሃ ደግሞ ደጋግሞ የሚያወጣው እየቀጠነ ይሄዳል። ኢምፔሪያል ስታውት ከዚህ ደረጃ የመጨረሻው፣ የወፍራሞች ወፍራም ነው።

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ። ከቴምዝ በስተደቡብ፣ ሳውዝዋርክ ውስጥ የጠርሙስዎ ቢራ የተነሣበት አንከር የሚባል ጠመቃ ቤት ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን የትሬል ቤተሰብ ይዞት ቆየ፤ ሄንሪ ትሬል በ1781 ሲሞት ንብረቱን እንዲያስፈጽሙ አደራ ከተሰጣቸው ሰዎች አንዱ የመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ሳሙኤል ጆንሰን ነበር። ጠመቃ ቤቱ በ135,000 ፓውንድ ተሸጠ። ገዢዎቹ የባርክሌይ ቤተሰብ ሰዎችና የጠመቃ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ጆን ፐርኪንስ ስለነበሩ ድርጅቱ ባርክሌይ ፐርኪንስ ተባለ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ በዓመት ከ300,000 በርሜል በላይ የሚያወጣ፣ በዓለም ትልቁ ሊባል የሚችል ጠመቃ ቤት ሆነ። አንድ የእንግሊዝ የቢራ በርሜል ወደ 164 ሊትር ይይዛል።

የሩሲያውን ትእዛዝ የሚመለከተው ታዋቂ የጽሑፍ ማስረጃም ከዚሁ ጠመቃ ቤት ጋር የተያያዘ ነው። ጆሴፍ ፋሪንግተን የተባለ ሠዓሊ በነሐሴ 1796 በማስታወሻው ላይ፣ አንድ ወዳጁ ከትሬል ጠመቃ ቤት ያስመጣውን ፖርተር እንደ ጠጣ፣ ወዳጁም ቢራው ለሩሲያ ንግሥተ ነገሥታት ተለይቶ የተጠመቀ መሆኑንና ሰባት ዓመት ሊቆይ እንደሚችል እንደ ነገረው ይጽፋል። ይህችን አጭር ማስታወሻ በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። ንግሥቲቱ ታላቋ ካትሪን ናት፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሞታለች። ጠመቃ ቤቱ ከተሸጠ 15 ዓመት ቢያልፈውም ሰው ገና በድሮው ባለቤት ስም ይጠራዋል። ዋናው ነገር ግን ፋሪንግተን የመዘገበው የቤተ መንግሥት ደረሰኝ ሳይሆን ጋባዡ የነገረውን ወሬ መሆኑ ነው። ስለዚህ ማስታወሻው የሚያረጋግጥልን፣ በ1796 ለንደን ውስጥ «ይህ የንግሥቲቱ ቢራ ነው» እየተባለ የሚጠጣ፣ ለዓመታት የሚቆይ ብርቱ ፖርተር እንደ ነበረ ብቻ ነው። እኔ ከዚህ አልፌ አልሄድም፤ ካትሪን ራሷ ይህን ያህል በርሜል አዘዘች እያሉ የሚተርኩትንም እንዳይከተሏቸው እመክራለሁ።

የበረዶው ታሪክ በቀላል ስሌት ይፈርሳል። 10 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ መርጋት የሚጀምረው ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ተራው ባለ 5 በመቶ ቢራ ደግሞ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ። ልዩነቱ ሁለት ዲግሪ ያህል መሆኑ ነው፤ የሰሜን ብርድ ደግሞ በሁለት ዲግሪ አይመለስም። ከዚህም በላይ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ የሚወስደው የፊንላንድ ባሕረ ሰላጤ በብርድ ወራት ራሱ በረዶ ሆኖ ይዘጋ ነበር። መርከብ የሚጫነው ውሃው ሲከፈት ነው፤ ያኔ ደግሞ ቢራውን የሚያረጋ ብርድ የለም። ጉዞው ረጅም ስለ ነበር ነው እንዳይባልም፣ በዚያው ዘመን ከዚህ በእጅጉ የቀጠነ ፖርተር ለወራት በሚቆይ ጉዞ፣ የምድር ወገብን ሁለት ጊዜ አቋርጦ ሕንድ ይደርስና ይሸጥ ነበር። አንድ ቢራ ከለንደን ባልቲክ ለመድረስ አሥር በመቶ አልኮል አያስፈልገውም።

ታዲያ ለምን ይህን ያህል ብርቱ ሆነ? ገዢው ስለ ፈለገውና ሒሳቡም ስለሚያዋጣ ነው። እስከ 1830 ድረስ በእንግሊዝ ቢራ ላይ የሚጣለው ኤክሳይስ ቢራው «ብርቱ» ወይም «ቀጭን» ተብሎ በተመደበበት መደብ፣ በበርሜል የሚቆጠር ነበር። በብርቱው መደብ ውስጥ ከገባ በኋላ እጥፍ ብርቱ ቢሆን ቀረጡ በዚያ ምክንያት አይጨምርም፤ ወደ ውጭ የሚላክ ቢራ ደግሞ የተከፈለበት ቀረጥ ይመለስለታል። የመርከብ ጭነትም የሚከፈለው በሚይዘው ቦታ ነው። በአንድ በርሜል ውስጥ ሁለት በርሜል የሚያህል ዋጋ ማስገባት የቻለ ነጋዴ ያተርፋል። ሴንት ፒተርስበርግ ያሉት ገዢዎችም መኳንንትና ባለጸጎች እንጂ ኩሊዎች አልነበሩም፤ ከውጭ የሚያስመጡት መጠጥ ከወይን ጠጅ ጋር በአንድ ገበታ የሚቀርብ እንዲሆን ይፈልጉ ነበር።

መቆየት መቻሉ ግን ከአልኮሉ ብቻ የመጣ አይደለም። ሆፕ ይበዛበት ነበር፤ ሆፕ ምሬትን ብቻ ሳይሆን ቢራ የሚያኮመጥጡ ባክቴሪያዎችን የመግታት ኃይልም ይሰጣል፤ ጌሾ በጠላ ውስጥ ያለውን ቦታ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከዚያም በትልልቅ የእንጨት ጋኖች ውስጥ ለወራት ይቆያል። እነዚህ ጋኖች ምን ያህል እንደሚሆኑ መገመት ለሚፈልግ፣ በጥቅምት 1814 በለንደን የሜው ጠመቃ ቤት አንድ የፖርተር ጋን ፈንድቶ በፈሰሰው ቢራ ስምንት ሰዎች መሞታቸውን ማስታወስ ይበቃል። በጋኑ እንጨት ውስጥ ደግሞ ሁለተኛ፣ ዝግተኛ እርሾ ይኖራል። ዋናው እርሾ ትቶት የሄደውን ስኳር ለወራት እየበላ፣ ቆዳና የአሮጌ ዕቃ ቤት ሽታ የሚመስል መዓዛ ይሰጠዋል። ይህን እርሾ በ1904 ለሳይንስ ያስተዋወቀው በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ባልደረባ የነበረው ክላውሰን ሲሆን፣ ያገኘው በእንግሊዝ የቆዩ ቢራዎች ውስጥ ስለ ሆነ «ብሬታኖማይሲስ»፣ የብሪታንያ ፈንገስ እንደ ማለት፣ ብሎ ሰየመው። የድሮው ስታውት ጣዕም ግማሽ ምስጢር እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል፤ ከማይዝግ ብረት ታንክ የሚወጣው የዛሬው ደግሞ በአብዛኛው ይህን አያውቀውም።

ቢራው ከጥቂት ባለጸጎች መጠጥነት አልፎ በሩሲያ ገበያ ለመቶ ዓመት እንዲቆይ ያደረገው ዋና ምክንያት የጉምሩክ ሕግ ነው፤ ይህን የሚያነሣ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። በ18ኛው መቶ ዘመን ወደ ባልቲክ ይላክ ከነበረው የእንግሊዝ ቢራ ዝነኛው የለንደኑ ፖርተር ሳይሆን የበርተን ኤል ነበር፤ በመካከለኛው እንግሊዝ በበርተን ከተማ የሚጠመቅ፣ ብርቱና ጣፋጭ፣ በትሬንት ወንዝ ወደ ሃል ወደብ ወርዶ የሚጫን ቢራ። የናፖሊዮን ጦርነቶች ንግዱን አናጉት። ቀጥሎ በ1822 የሩሲያ መንግሥት አዲስ የቀረጥ ዝርዝር ሲያወጣ የእንግሊዝን ኤል ገበያ የሚዘጋ ጫና ጣለበትና ፖርተርን ተወው። በአንድ የጉምሩክ ወረቀት የበርተን ሰዎች ዋና ገበያቸውን አጡ፤ ፊታቸውን ወደ ሕንድ አዙረው ነጣ ያለውን መራራ ቢራ ወደ መጥመቅ የገቡትም ያኔ ነው። ለንደኖች ደግሞ ተወዳዳሪ የሌለበት ገበያ ላይ ብቻቸውን ቀሩ። ዛሬ በየመደብሩ ጎን ለጎን ተደርድረው የሚያዩአቸው ሁለት የቢራ ዓይነቶች፣ ከዚያ ከሕንዱ መራራ ቢራ የመጣው አይፒኤ የሚባለውና ኢምፔሪያል ስታውት፣ መንገዳቸው የተለያየው በዚያ ዓመት ነው ብል ብዙ አላጋንንም።

ባርክሌይ ፐርኪንስ ራሱ ጠርሙስ እየሞላ ሩሲያ ድረስ አልሄደም፤ ሥራው የመካከለኛ ነጋዴዎች ነበር። ከእነዚህ ውስጥ የታወቀው መሥሪያ ቤቱን ለንደን ያደረገው «ለ ኮክ» የተባለው ድርጅት ሲሆን፣ ስታውቱን ገዝቶ በራሱ ስም በታተመበት ጠርሙስ ወደ ባልቲክ ይልክ ነበር። በ1869 የሰጠመች ኦሊቫ የተባለች መርከብ ፍርስራሽ በ1974 ሲገኝ የዚህ ድርጅት ጠርሙሶች ከውስጧ ወጥተዋል። በሩሲያ ግዛት ውስጥ የውጭ ቢራ ቀረጥ እየከበደ፣ ስሙን የሚያስመስሉ ጠማቂዎችም እየበዙ ሲሄዱ ለ ኮክ በ1912 በዛሬዋ ኢስቶኒያ፣ በታርቱ ከተማ ያለውን የቲቮሊ ጠመቃ ቤት ገዝቶ ስታውቱን እዚያው ለማምረት ተነሣ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ጦርነቱ መጣ፤ የሩሲያ መንግሥት መጠጥ ከለከለ፤ ከዚያ አብዮቱ ተከተለ። ዛርም፣ ኢምፔሪያል የሚባል ቤተ መንግሥትም፣ ያ ገበያም ቀረ። ስሙ ብቻ ለንደን ላይ ተረፈ።

«ያው ቢራ» ስለሚለው ቃልዎም መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ያው ቢራ አልነበረም። በካትሪን ዘመን መጀመሪያ ፖርተር ሙሉ በሙሉ ከቡናማ ብቅል፣ በእንጨት እሳት ከተጠበሰ፣ ይጠመቅ ነበር። በ1780ዎቹ ሃይድሮሜትር የሚባለው የፈሳሽ ክብደት መለኪያ በጠመቃ ቤቶች ሲለመድ፣ ጠማቂዎች ቡናማው ብቅል ከነጣው ብቅል ይልቅ ትንሽ ስኳር እንደሚሰጥ በቁጥር አዩ። ርካሹ ብቅል ውድ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ነጣውን አብዝተው ቡናማውን ቀነሱ፤ ቢራው ግን ፈዘዘ። ለማጥቆር የተቃጠለ ስኳርና ሌላም ሌላም መጨመር ሲስፋፋ ሕግ ከብቅልና ከሆፕ ውጪ ያለውን ከለከለ። መፍትሔው በ1817 መጣ፦ ዳንኤል ዊለር የተባለ ሰው የቡና መቁያ ከበሮ በሚመስል፣ እሳት ላይ በሚሽከረከር ሲሊንደር ብቅልን ሳያሳርር እስኪጠቁር የመቁላት ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ትንሽ ጥቁር ብቅል ብዙ ቢራ ያጠቁራል። አሻሮ ሲቆላ ከምጣዱ የሚነሣውን ሽታ ያስታውሱ፤ ያ የመራራ ቡናና የተቆላ ገብስ ጣዕም ዛሬ የስታውት መለያ ተደርጎ የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ባርክሌይ ፐርኪንስ ግን ቡናማውን ብቅል ፈጽሞ አልተወም፤ በጠመቃ መዝገቡም ቢራውን «ኢምፔሪያል ብራውን ስታውት» ብሎ በአጭር ፊደል ይጽፈው ነበር፤ ጥቁር አላለውም።

መቋረጡንም በቀን ላሳይዎ። ከ1880 ጀምሮ የእንግሊዝ መንግሥት ቢራን ይቀርጥ የነበረው ከመፍላቱ በፊት በነበረው የስኳር ክብደት ልክ ስለ ነበር፣ ቀድሞ ብርቱ መጥመቅን ያበረታታ የነበረው ሒሳብ ተገለበጠ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እህል ለማዳን ሲባል የቢራ ጥንካሬ በሕግ ተገደበ፤ ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝ ቢራ በአጠቃላይ ወደ ድሮ ጥንካሬው አልተመለሰም። ራሽያን ስታውት ተርፎ የቀረው በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጥ፣ በትንሽ መጠን የሚጠመቅ ልዩ ነገር ሆኖ ነው። በ1955 ባርክሌይ ፐርኪንስ ከጎረቤቱ ከከሬጅ ጋር ተዋሐደ፤ ቢራውም የከሬጅ ስም ያዘ። የሳውዝዋርኩ ጠመቃ ቤት ቀረ። በታወር ብሪጅ ሥር ያለው የከሬጅ ጠመቃ ቤትም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተዘጋ። ቢራው በሰሜን እንግሊዝ፣ በታድካስተር ከተማ ወዳለው የጆን ስሚዝስ ፋብሪካ ተዛውሮ በ1993 ለመጨረሻ ጊዜ ተጠመቀ፤ የእርስዎ ጠርሙስ እንግዲህ ከእነዚያ የመጨረሻዎቹ አንዷ ናት። ከዚያ ለ18 ዓመት የለም። በ2011 ዌልስ ኤንድ ያንግስ በቤድፎርድ እንደገና ጠመቀው፤ ዕድሉ ሆኖ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ መንግሥት ከ7.5 በመቶ በላይ አልኮል ባለው ቢራ ላይ ተጨማሪ ቀረጥ ጣለ። በ2017 ደግሞ የቤድፎርዱ ቢራ ሥራና የከሬጅ ስም ለማርስተንስ ተሸጡ። አራት ጠመቃ ቤት፣ ሦስት ከተማ፣ በመካከሉ ረጅም ባዶ ጊዜ። ሳይቋረጥ የሚል ሰው የሚያወራው ስለ መለያ ወረቀቱ ነው።

የቢራው ዘር ግን በሌላ በኩል ቀጥሏል። በባልቲክ ዙሪያ ያሉ አገሮች የእንግሊዙን ቢራ እያዩ የራሳቸውን መጥመቅ ጀመሩ፤ በጎተንበርግ ካርኔጊ የሚባለው ፖርተር ከ1836 ጀምሮ ይታወቃል፤ ፖላንዶችና ፊንላንዶችም አላቸው። ብዙዎቹ ከጊዜ በኋላ በቀዝቃዛ ቦታ ቀስ ብሎ በሚሠራው የላገር እርሾ መጥመቅ ስለ ጀመሩ «ባልቲክ ፖርተር» የሚባለው ዛሬ ለብቻው የቆመ ዓይነት ነው፤ ለስላሳ፣ ከስታውቱ ይልቅ ያልኮመጠጠና ያልተቃጠለ። በእንግሊዝ ደግሞ በሰሴክስ፣ በሉዊስ ከተማ ያለው ሃርቪስ ጠመቃ ቤት በ20ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ከታርቱው ለ ኮክ ጋር ተስማምቶ የድሮውን አሠራር የተከተለ ባለ 9 በመቶ ስታውት አወጣ። የመጀመሪያው ጠመቃ በቡሽ ከታሸገ ከወራት በኋላ፣ አለቀ የተባለው መፍላት በዱር እርሾ ምክንያት እንደገና ተነሥቶ ቡሾቹን መግፋት ጀመረ። ጠማቂዎቹ ደንግጠው ነበር፤ የድሮው ዘመን ሰዎች ግን ቢሰሙ የሚደነቁ አይመስለኝም፤ ጋን ውስጥ ማቆየት ያስፈለገው ለዚሁ ነበርና። አሜሪካኖች ደግሞ ከ1980ዎቹ ወዲህ «ኢምፔሪያል» የሚለውን ቃል ወስደው ለማንኛውም ብርቱ ቢራ ይለጥፉታል። ቫኒላ፣ ቸኮሌት፣ አንዳንዴም ኬክ የሚጨመርበት አለ። የሚወደው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከጣፋጭ ምግብ የማይለይ ቢራ ሲቀርብልኝ ማንኪያ ፍለጋ ይመጣብኛል።

ወደ ጠርሙሷ ልመለስ። «በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል» የሚለው ግማሹ ስሕተት ነው። በድሮው ዘመን ማቆየት የጠማቂው ሥራ ነበር፤ በጋን ውስጥ፣ እየቀመሰ፣ ሲደርስ አውጥቶ ይሸጣል። በጠርሙስ የታሸገ ብርቱ ስታውት፣ እርሾው ከውስጡ ካልተጣራና በሙቀት ካልተገደለ፣ ለአምስት ወይም ለአሥር ዓመት ሊሻሻል ይችላል፤ የሆፑ ምሬት ይለዝባል፣ የተቃጠለው ጣዕም ወደ ዘቢብና ወደ ቴምር ያደላል። ከዚያ በኋላ ግን ቁልቁለት ነው። የቆርኪው ውስጠኛ ሽፋን በዓመታት ውስጥ ጥቂት ጥቂት አየር ያሳልፋል፤ ከታች የተኛው እርሾም ሞቶ ሲበሰብስ የአኩሪ አተር ስጎ የሚመስል ጣዕም ይለቃል። ከሠላሳ ዓመት በላይ በአንድ ሰው ምድር ቤት የኖረች፣ ስንት በጋ ሙቀት እንዳለፈባት የማይታወቅ ጠርሙስ ከእንግዲህ የምትጨምረው ነገር የለም። የምትቀንሰው ግን አለ።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ በዚህ ዓመት ይክፈቷት፤ ጠርሙሷን ከሰጠዎት ባልደረባዎ ጋር ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ለመሸጥ ወይም ለማስዋቢያ ለማቆየት የሚያስብ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን ባዶዋ ጠርሙስም መደርደሪያ ላይ ያው ጠርሙስ ናት። በብርሃን ፊት አንሥተው አንገቷ አካባቢ ያለውን ደረጃ ይመልከቱ፤ ፈሳሹ ከአንገት በታች ወርዶ ከሆነ አየር ገብቷልና ብዙ አይጠብቁ። ሁለት ሦስት ቀን ቀጥ ብላ ትቁም፤ አተላው ይዘቅጣል። በፍሪጅ ብርድ አይጠጣም፤ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ፣ ማለትም ከፍሪጅ ወጥቶ ለአንድ ሰዓት ያህል የቆየ ይሁን። አረፋ ላይኖራት ይችላል፤ ይህ ጉድለት አይደለም። የኮምጣጤ ወይም የሻጋታ ሽታ ከመጣ ግን ለታሪክ ብሎ መጠጣት አያስፈልግም፤ ይድፉት።

ሁለት ጥንቃቄዎች ልጨምር። ቆርኪው ሲከፈት ጠርሙሷን ከፊትዎ ያርቁ፤ አሮጌ ጠርሙስ ውስጥ የዱር እርሾ ሠርቶ ከሆነ ግፊቱ ከሚጠበቀው በላይ ሊሆን ይችላል። መጠኑንም በትንሽነቷ አይገምቱ። እንደነዚህ ያሉት ትንንሽ ጠርሙሶች ወደ 170 ሚሊ ሊትር ይይዛሉ፤ በ10 በመቶ ሲሰላ 1.7 የእንግሊዝ የአልኮል መለኪያ ነው፤ አንድ ተራ 330 ሚሊ ሊትር ላገር ከያዘው ጋር እኩል። በትልቅ ጠርሙስ የሚሸጡት የዛሬዎቹ ስታውቶች ደግሞ የዚህ እጥፍ ናቸው፤ መኪና ለሚነዳና መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ከዚህችው ጋር አንድ አዲስ የሃርቪስ ጠርሙስ ገዝተው በሁለት ትንንሽ ብርጭቆ ጎን ለጎን ቢቀምሱ፣ ከላይ ስለ ዱር እርሾና ስለ ቡናማ ብቅል ያልኩትን ከእኔ ጽሑፍ በተሻለ ምላስዎ ይነግርዎታል። መጀመሪያ አሮጌውን ይቅመሱ፤ አዲሱ ምሬቱ ስለሚበረታ ከቀደመ አሮጌውን ይሸፍነዋል። ሲቀዱ ጠርሙሷን እንደ ያዙ በአንድ ትንፋሽ፣ ሳያነሡና ሳይመልሱ ይቅዱ፤ የመጨረሻውን አንድ ጣት ያህል ከአተላው ጋር ከታች ይተዉት።